የ«ሀርድ ቶፕ» ላንድ ክሩዘር ጣራን ንዝረትና ድምፅ በቅርብ በሚገኝ ቁሳቁስ ስለ ማርገብ፦ ከቢቸናና ከሞጣ የአምቡላንስ አገልግሎት አንጻር የቀረበ ስሌታዊ ጥናት

አኅጽሮተ ጥናት

በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለሕሙማን ማመላለሻ የሚያገለግለው ባለ ብረት ጣራ ላንድ ክሩዘር በጉዞ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ለተሳፋሪ ምቾት መጉደል ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ከድምፁ ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው አዋላጅ ነርሷ በማዳመጫ ልትሰማው በምትፈልገው የደም ግፊት ድምፅ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ በጋራዦች የተለመዱትን የድምፅ መከላከያ ዘዴዎች በድምፅ ፊዚክስ ስሌት ይፈትሻል፤ ስፖንጅና ምንጣፍ መለጠፍ ለዚህ ችግር የማይበጅበትን ምክንያት ያሳያል፤ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክንና ስስ ላሜራን በማጣመር ሊሠራ የሚችል ማርገቢያም ይጠቁማል። ውጤቱን በእጅ ስልክ ለመለካት የሚያስችል ቀላል ስልትም ቀርቧል።

1. መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ፣ ከሞጣም ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በስተምዕራብ የጮቄን ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዓባይን ሸለቆ እያየ ይጓዛል። የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ቢቸናም ሆነች የሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠሉት መንገዶች በበጋ ኮረኮንችና አቧራ፣ በክረምት መረሬ ጭቃ ናቸው። መረሬው ሲረጥብ ጎማ ይይዛል፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ ይወጣዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ከኋላ የተኛች ወላድ፣ ከጎኗም አንዲት አዋላጅ ነርስ ይኖራሉ።

ለወረዳዎች ከተሰጡት አምቡላንሶች ብዙዎቹ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ምርት ናቸው፤ ሕዝቡም ጋራዡም «ሀርድ ቶፕ» ይላቸዋል። ስያሜው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የ40 ተከታታይ አጭር ሞዴል ተነቃይ ጠንካራ ጣራ ስለ ነበረው በዚሁ ስም ይታወቅ ነበር፤ የዚያ ጣራ ክዳን ግን ፋይበር ግላስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው የ70 ተከታታይ ጣራ ተበይዶ የተያያዘ ብረት ነው። ልዩነቱ ለጉዳያችን ትርጉም አለው፤ ፋይበር ግላስ በተፈጥሮው ንዝረትን በውስጡ የሚበላ ሲሆን ስስ ብረት ግን እንደ ደወል የሚጮኽ ነው።

ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእርግዝና ምክንያት በሚከሠት የደም ግፊት የተያዘች እናት ወደ ከፍተኛ ሕክምና ስትላክ በዚህ ርቀት ውስጥ ግፊቷ ከ140 በ90 ወደ 160 በ110 መሻገሩን ማወቅ የመድኃኒት ውሳኔ የሚያስለውጥ ነገር ነው። ይህን የምታውቀው ነርሷ ናት፤ የምታውቀውም በጆሮዋ ነው። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ያው ነው፤ ክንድ ይታሰራል፣ አየሩ ቀስ በቀስ ይለቀቃል፣ በማዳመጫው የሚሰማው የመጀመሪያ ምት ይያዛል። ምቱ ካልተሰማ ቁጥር የለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምቱ ዘግይቶ ተሰምቶ ግፊቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ መመዝገቡ ነው።

2. የትኛው ድምፅ ነው ችግሩ?

«መኪናው ይጮኻል» ማለት ለጥናት አይበቃም። ድምፅ በድግግሞሹ ተለይቶ ካልታየ መድኃኒቱም አይለይም።

የእነዚህ ተሽከርካሪዎች የታወቀው ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 4,164 ሲሲ የሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር 1ኤች ዜድ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱን ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቀጣጥል፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ይፈነዳል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ዋናው ድግግሞሽ 100 ሄርዝ፣ በ2,400 ዙር 120 ሄርዝ፣ በመረሬ ላይ በከባድ ማርሽ 3,000 ሲደርስ 150 ሄርዝ ይሆናል። የኮሮትኮቭ ድምፆች ጉልበት በአብዛኛው ከ200 ሄርዝ በታች ነው። በፅንስ ማዳመጫ ቀንድ የሚሰማው የልብ ምትም ከዚሁ ሰፈር ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ሞተሩ የሚሸፍነው የሰውን ንግግር ብቻ ሳይሆን ነርሷ የምትፈልገውን ያንኑ ድምፅ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የመኪናው ውስጥ ራሱ ይመልሳል። አየሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በክፍሉ ልክ የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ አለው፤ እሱም የድምፅ ፍጥነት ለክፍሉ ልኬት እጥፍ ተካፍሎ ይገኛል። የውስጡ ቁመት 1.3 ሜትር ቢሆን፣ 340 ለ2.6 ተካፍሎ 131 ሄርዝ ይሆናል። ሞተሩ በ2,400 እና በ2,600 ዙር መካከል ሲሆን የሚያወጣው 120 እስከ 130 ሄርዝ ስለሆነ፣ በዚያ ዙር አካባቢ ጆሮ የሚደፍን ጉምጉምታ ይፈጠራል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ስሌቱን ሳያውቁ ማርሽ ቀይረው ከዚያ ዙር ያመልጣሉ። እግረ መንገድን ለመግለጽ ያህል፣ የአየሩ መሳሳት ይህን ቁጥር አይለውጠውም። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አራት እጅ ገደማ ቢሆንም የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው የሙቀት መጠንን ነው።

ከዚህ የሚነሣ አንድ የመለኪያ ጥንቃቄ አለ። የድምፅ መለኪያዎች በተለምዶ የሚያሳዩት በሰው ጆሮ ስሜት የተመዘነ ዲሲቤል፣ «ዲሲቤል ኤ» የሚባለውን ነው። ይህ ምዘና በ125 ሄርዝ ላይ 16 ዲሲቤል፣ በ63 ሄርዝ ላይ 26 ዲሲቤል ይቀንሳል። ለሾፌር የጆሮ ጤና ምዘናው ተገቢ ነው፤ የታወቀው የሥራ ቦታ ወሰን 85 ዲሲቤል ኤ ለ8 ሰዓት ሲሆን በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ለደም ግፊት ልኬት ግን አሳሳች ነው። ጣራው ላይ ስፖንጅ ቢለጠፍ የንፋሱና የጎማው ሽሽታ ስለሚቀንስ በመለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ሊወርድ ይችላል፤ የ125 ሄርዙ ጉምጉምታ ግን ባለበት ይቆያል። ሥራው «ተሳካ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ነርሷ ግን አሁንም አትሰማም።

3. ድምፁ የሚገባባቸው መንገዶች

ጣራውን ከመንካት በፊት የጣራው ድርሻ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ዲሲቤል የሎጋሪዝም ልኬት ስለሆነ ውጤቱ የሚያስገርም ይሆናል። ወደ ውስጥ ከሚገባው የድምፅ ጉልበት ግማሹ በጣራው በኩል ቢሆን፣ የጣራው ድርሻ ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ ጠቅላላው የሚቀንሰው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። አንድ አራተኛው ብቻ በጣራው ቢገባ ደግሞ ትርፉ 1.2 ዲሲቤል ነው፤ ይህ በጆሮ የሚለይ አይደለም። ስለዚህ ሙሉ ገንዘብን ጣራ ላይ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ክፍተት ነው። 1.2 በ1.1 ሜትር የሆነ የኋላ በር ዙሪያው 4.6 ሜትር ነው። ጓርኒሲዮኑ ደርቆ በዙሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢፈጠር ቀዳዳው 92 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከበሩ ስፋት 0.7 በመቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ በር ከምን ቢሠራ፣ ከምን ቢደረብ ከ21 እና ከ22 ዲሲቤል በላይ ሊያግድ አይችልም። ክፍተቱን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። በበጋ ከገጠር የተመለሰን መኪና በር ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ አቧራ የገባበት መስመር ድምፅም የሚገባበት ነው። በጥርጣሬ ቦታ ላይ የወረቀት ቁራጭ አስገብቶ በሩን መዝጋትና መሳብ ሌላው ፈተና ነው፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ሥራውን አቁሟል።

ሁለተኛው የሚንኳኳ ነገር ነው፤ የላላ የበር ማጠፊያ፣ የቃሬዛ መቆለፊያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ማሰሪያ፣ በተለይም ጣራው ላይ የተቀመጠው ፖርቶመጋላ። ኮረኮንች መንገድ በተደጋጋሚ ሲነዳበት እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሸነሸናል። በሽንሽኑ መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 16 ጊዜ ይመታል። ይህ 16 ሄርዝ ራሱ በጆሮ አይሰማም ማለት ይቻላል፤ የላላውን ብሎን ሁሉ እያንኳኳ ግን ወደሚሰማ ድምፅ ይለወጣል። የዚህ መፍትሔ ማጥበቅና ከብረቱ በታች ጎማ ማስገባት እንጂ የጣራ ልጥፍ አይደለም።

ሦስተኛው የሞተሩ ግድግዳና ከካምቢዮው በላይ ያለው ወለል ነው። የሞተር ድምፅ ከጣራው ይልቅ በእነዚህ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ለጣራ የሚሰጠው ስሌት ለወለሉም እንዳለ ይሠራል። ጣራው ግን ሁለት የራሱ ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ ከመኪናው ሁሉ ሰፊው ያልተደገፈ ስስ ብረት እርሱ ሲሆን ከታካሚዋና ከነርሷ ራስም ቅርብ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ነው።

4. ስስ ብረት ለምን ይጮኻል?

የጣራው ብረት 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ብንል ክብደቱ በካሬ ሜትር 6.3 ኪሎ ግራም ይሆናል። በድጋፎቹ መካከል ያለ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክፍል፣ ጠርዙ ብቻ እንደ ተደገፈ ቢቆጠር፣ የመጀመሪያው የንዝረት ድግግሞሹ 13 ሄርዝ ብቻ ነው። የጣራው ጉብታና የጠርዙ ብየዳ ይህን ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሆንም ከ200 ሄርዝ በታች ብዙ የንዝረት ዓይነቶች ተደራርበው ይገኛሉ። ሞተሩ በየትኛውም ዙር ቢሆን ከእነርሱ አንዱን ሳያገኝ አይቀርም።

ንዝረቱ ተነሥቶ ቶሎ መሞቱን ወይም መቆየቱን የሚወስነው የርገባ ምጣኔ ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ዙር ከንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለወጠውን ድርሻ ይገልጻል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተመትቶ ሲጮኽ መዳፍ ቢያርፍበት ወዲያው ጸጥ ይላል። መዳፉ ደወሉን አላከበደውም፤ ድምፁንም አላገደም፤ ንዝረቱን በላው እንጂ። ባዶ ብረት ብቻውን ከ0.001 ያልበለጠ የርገባ ምጣኔ ሲኖረው፣ ተበይዶና ተገጥሞ በመኪና ላይ ያለ ብረት 0.01 አካባቢ ይደርሳል። የማርገቢያ ሥራ ግብ ይህን ወደ 0.1 እና ከዚያ በላይ ማድረስ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ሊለዩ ይገባል፤ በጋራዥ ንግግር ሁሉም «ድምፅ መከላከያ» ስለሚባሉ ይምታታሉ። ማርገብ የብረቱን ንዝረት መብላት ነው። ማገድ ድምፁ በብረቱ አልፎ እንዳይገባ በክብደት መከልከል ነው። መምጠጥ ደግሞ አስቀድሞ የገባውን ድምፅ በቀዳዳማ ነገር ውስጥ ማድከም ነው። ማገድ የሚገዛው በክብደት ሕግ ነው፤ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዲሲቤል ይገኛል። ባዶው ጣራ በሕጉ መሠረት በ1,000 ሄርዝ 29 ዲሲቤል ሲያግድ በ125 ሄርዝ ግን 11 ብቻ ያግዳል። በዝቅተኛው ድግግሞሽ 6 ዲሲቤል ለመጨመር የጣራውን ክብደት እጥፍ ማድረግ፣ ማለትም ለ4.2 ካሬ ሜትር ጣራ 26 ኪሎ ግራም መስቀል ያስፈልጋል። መምጠጥ ደግሞ በሞገድ ርዝመት የሚወሰን ነው። ቀዳዳማ ነገር በሚገባ የሚሠራው ውፍረቱ ወደ ሩብ ሞገድ ሲጠጋ ነው፤ በ2,000 ሄርዝ ሩብ ሞገድ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በ125 ሄርዝ ግን 68 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ለጉምጉምታው የማይጠቅምበት ምክንያት ይኸው ነው። ለዝቅተኛው ድግግሞሽ የቀረው መንገድ ማርገብ ነው።

የዝናቡ ነገርም ወደዚሁ ያመራል። ጠብታ ብረት ላይ ሲያርፍ አጭር ምት ይሰጠዋል፤ ጩኸቱ የሚወለደው ከብረቱ ንዝረት ነው። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሁሉ በሐምሌ ዝናብ መምህሩ ማስተማር አቁሞ ሲጠብቅ ያስታውሳል። የሳር ክዳን ግን ያንኑ ዝናብ በዝምታ ይቀበል ነበር፤ ከባድም፣ በራሱ የሚረግብም ነውና። ከቆርቆሮው በታች የሚወጠረው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ለዓይንና ለአቧራ እንጂ ለድምፅ ብዙ አይፈይድም፤ ክብደቱ በክብደት ሕግ ውስጥ የሚቆጠር አይደለም። የመኪናውም የውስጥ ልባስ እንደዚሁ ነው።

5. የጋራዥ ቁሳቁሶች በስሌት ሲፈተሹ

ለማርገቢያነት ከሚታሰቡት ነገሮች ሁለቱን እናነጻጽር። አንደኛው በፋብሪካ የተሠራ ጠንከር ያለ የሬንጅ ሉሕ፣ ሁለተኛው የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በተለምዶ ካላማዳሪ የሚባለው ነው። ሁለቱም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው እንበል።

ጀርመናዊው ኦበርስት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ በብረት ላይ በነጻ የተለጠፈ ንብርብር የሚሰጠው ርገባ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በልጥፉ የራሱ የርገባ ምጣኔ፣ በልጥፉና በብረቱ የግትርነት ንጽጽር፣ በውፍረታቸው ንጽጽር። ውፍረቱ 2 ለ0.8፣ ማለትም 2.5 እጥፍ ሲሆን፣ የውፍረቱ ውጤት 2.5 ሲባዛ በ(3 + 15 + 25)፣ ማለትም 107.5 ይሆናል። የብረት ግትርነት 210 ጊጋፓስካል ነው። ለሬንጁ ሉሕ 1 ጊጋፓስካልና 0.4 የርገባ ምጣኔ ብንወስድ፣ የጣራው ርገባ 0.13 ይሆናል። ለላስቲኩ 3 ሜጋፓስካልና 0.3 ብንወስድ ግን ውጤቱ 0.0005 ነው። የመጀመሪያው የጣራውን ርገባ ከአሥር እጥፍ በላይ ያሳድጋል፤ ሁለተኛው በብረቱ ላይ ካለው 0.01 አንጻር ከቁጥር አይገባም። ምክንያቱ ላስቲክ ንዝረት የማይበላ መሆኑ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ልስልስ በመሆኑ ብረቱ ሲታጠፍ ምንም ሳይታገል አብሮ ስለሚሄድ ነው። ያልታገለ አይበላም። ላስቲክ፣ ምንጣፍ ወይም ቡርኖስ በቀጥታ በማስቲሽ መለጠፍ ለማርገብ የማያገለግለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሬንጅ እንቀባ» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ግን አደገኛ ነው። የመንገድ ሬንጅ የሚለሰልሰው 50 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። በጠራራ ፀሐይ የቆመ መኪና ጣራ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ከላይ የተቀባ ሬንጅ ይንጠባጠባል፣ ይሸታል፣ በታካሚ ላይ ይወርዳል። በደጋው የሌሊት ብርድ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለወለል ሊታሰብ ይችላል፤ ለጣራ ፈጽሞ አይመከርም።

መውጫው ላስቲኩን ከሁለት ብረት መካከል ማድረግ ነው። ሮስ፣ ኡንጋርና ከርዊን እ.ኤ.አ. በ1959 ስሌቱን ያስቀመጡለት ይህ «ሽፋን ያለው ልጥፍ» በልስልሱ ንብርብር ላይ ሌላ ግትር ስስ ሉሕ ይደርባል። ጣራው ሲታጠፍ የላዩ ሉሕ ለመለጠጥ ስለሚያንገራግር፣ መካከል ያለው ላስቲክ ወደ ጎን ይሸረፋል፤ ጉልበቱም በዚያ ሽርፈት ይበላል። ልስላሴ እዚህ ጉድለት መሆኑ ይቀራል። በውድ ዋጋ የሚሸጡት ባለ አሉሚኒየም ልጥፎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ቡቲል የሚባለው የላስቲክ ዓይነት ሲሆን አብዛኛው ካላማዳሪም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ቡቲል አየር አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለጎማ ተመረጠ። ተጥሎ ብዙ አይነጥርም፤ ለእኛም የሚጠቅመን ይህ ነው። ከተፈጥሮ ላስቲክ የተሠራውን ለመለየት ቁራጩን ስቦ መልቀቅ ይቻላል፤ ቡቲሉ ቀስ ብሎ ሲመለስ የተፈጥሮው ግን ወዲያው ይፈናጠራል።

6. የአሠራር ሐሳብ

የውስጥ ልባሱ ከወረደ በኋላ ጣራው በጣት አንጓ እየተንኳኳ ይዳሰሳል። እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው በድጋፎቹ መካከል ያለው ማዕከላዊ ክፍል ነው፤ ጠርዞቹ ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣሉ። ሙሉውን ጣራ መሸፈን አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ክፍል መካከለኛውን ሩብ ወይም ሲሶ መሸፈን የጥቅሙን አብዛኛ ክፍል ይሰጣል። ለ4.2 ካሬ ሜትር ጣራ ይህ 1.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ላስቲኩና ላሜራው ተደምረው ክብደታቸው ከ8 ኪሎ ግራም ብዙ አይዘልም፤ ፖርቶመጋላው ላይ ከሚጫነው አንድ መለዋወጫ ጎማ ያነሰ ነው።

ዝገት ያለበት ተፍቆ በፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። የላስቲኩ ሁለት ፊት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የፋብሪካ ዱቄቱ ይነሣለታል፤ ይህ ካልሆነ ማስቲሹ ይላቀቃል። ለሽፋን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝርግ ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ይበቃል፤ ሸንሽን ያለው የቤት ቆርቆሮ ግን አይሆንም፣ ከላስቲኩ ጋር በሁሉም ቦታ መገናኘት አይችልምና። ማስቲሹ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ወፍራም ልስልስ ማጣበቂያ ሽርፈቱን ከላስቲኩ ይሰርቃል። ጥርሱ እንዳይቆርጥ የላሜራው ጥግ ይከርከም፤ ጣራውን ግን በብሎን መብሳት ክረምትን መጋበዝ ነው። ልጥፉ አንድ ቀን ቢላቀቅ በታካሚ ላይ እንዳይወድቅ የውስጥ ልባሱ ተመልሶ በሚገባ መታሰር አለበት።

በልጥፎቹ መካከል ለንፋስና ለንግግር ድምፅ ማምጠጫ ማድረግ የሚፈልግ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ባይጠቀም ይመረጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በብርድ ሌሊት የተሳፋሪ ትንፋሽ በጣራው ብረት ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ክፍት ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ ውኃውን ይዞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው እሳት ነው። የፖሊዩረቴን ስፖንጅ በፍጥነት ይነዳል፤ ጭሱም ሃይድሮጅን ሳያናይድ አለበት። ኦክስጅን በተጫነበት ተዘግቶ በሚሄድ መኪና ውስጥ ይህ ሊታሰብ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ነው። የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 302 ለውስጥ ቁሳቁስ የሚፈቅደው የቃጠሎ ፍጥነት በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ቁራጭን ከቤት ውጭ ለኩሶ በሰዓት መያዝ ግምታዊ መልስ ይሰጣል፤ ከዚህ የፈጠነ ቁስ ወደ አምቡላንስ አይግባ። ዝግ ቀዳዳ ያለው ፎም ውኃውን ይመልሳል፤ የእሳት ፈተናው ግን ለእርሱም አይቀርም።

የላይኛው ልባስ በክሎሪን ውኃ የሚታጠብ መሆን አለበት። ምንጣፍና ቡርኖስ ለግል መኪና ያምራሉ፤ ደምና የምጥ ውኃ በሚፈስበት መኪና ግን የተላላፊ በሽታ መጠራቀሚያ ይሆናሉ። ስስ ሰው ሠራሽ ቆዳ ከከፍተኛው ድግግሞሽ መምጠጥ ጥቂት ይቀንሳል፤ ጉዳቱ የሚያስጨንቅ አይደለም።

7. ውጤቱን ስለ መለካት

የዲሲቤል መለኪያ በሌለበት የሚሠራ ስልት አለ። ንዝረት ተነሥቶ በ60 ዲሲቤል እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ 2.2 ለድግግሞሹና ለርገባ ምጣኔው ብዜት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። በ120 ሄርዝ የርገባ ምጣኔው 0.01 ከሆነ ጊዜው 1.8 ሰከንድ፣ 0.13 ከሆነ 0.14 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ስልኩ ከጣራው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በጎማ በተጠቀለለ መዶሻ የእያንዳንዱ ክፍል መካከል ይመታል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ በነጻ በሚገኝ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም የሞገዱ መውረጃ ይለካል። ከልጥፉ በፊትና በኋላ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ መደረግ አለበት። 60 ዲሲቤሉ ሙሉ ባይገኝ የ20 ዲሲቤሉን ጊዜ ወስዶ በሦስት ማባዛት ይቻላል።

በጉዞ ላይ የሚደረገው ልኬት ደግሞ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ማርሽ፣ በ2,000፣ በ2,400 እና በ3,000 ዙር ተለይቶ ይያዝ፤ የሚመዘገበውም ጠቅላላው ዲሲቤል ኤ ብቻ ሳይሆን በ125 ሄርዝ ዙሪያ ያለው ሲሶ ኦክታቭ ነው። በልጥፉ የጣራው ርገባ ከ0.01 ወደ 0.13 ቢያድግ፣ ከጣራው የሚመጣው ድርሻ በ11 ዲሲቤል ገደማ እንደሚቀንስ ይጠበቃል። ጠቅላላው ግን በክፍል 3 እንደተባለው የሚወስነው በሌሎቹ መንገዶች ነው። ጣራው ረግቦ የ125 ሄርዙ ቁጥር ካልወረደ ቀጣዩ ሥራ የሞተሩ ግድግዳና ወለሉ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሠራ ድረስ ለነርሷ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። መኪናው ሲቆምና ሞተሩ በደቂቃ 680 ዙር ላይ ሲያርፍ ዋናው ድግግሞሽ ወደ 34 ሄርዝ ይወርዳል፤ ከምትሰማው ምት ክልል በአብዛኛው ይወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ሞተሩን ማጥፋት ከተቻለ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። የደም ግፊት መለካት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከሞጣ ባሕር ዳር ባለው ጉዞ ላይ ሁለት ጊዜ መቆም አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሾፌሩና ነርሷ ከመነሻው የሚቆሙበትን ቦታ ተስማምተው ቢነሡ፣ ልኬቱ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ መካከል ከሚደረግ ይልቅ ሜዳ ላይ በጸጥታ ይደረጋል።